ፔንስኬ የወደቀበት ግንቦት

እ.ኤ.አ. ግንቦት 28 ቀን 1995 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ 33 መኪኖች ለ79ኛው የ500 ማይል ውድድር ሲሰለፉ፣ ከመካከላቸው አንድም የፔንስኬ ቡድን መኪና አልነበረም። ከ1968 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ያለፈው ዓመት አሸናፊ አል አንሰር ጁኒየር ቀርቷል። ውድድሩን ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲም ቀርቷል። አልታመሙም፣ አልታገዱም፣ ገንዘብም አልቸገራቸውም። የቀሩት ወሩን ሙሉ ሞክረው፣ መኪና ለውጠው፣ ከሌላ ቡድን ተበድረው ጭምር ከ33ቱ ቦታዎች አንዱን ማግኘት ስለተሳናቸው ነው።

ነገሩን ለማመን የሚያስቸግረው ከአንድ ዓመት በፊት የሆነው ነው። በግንቦት 1994 እዚያው ትራክ ላይ እነዚሁ ሁለት አሽከርካሪዎች ከ200 ዙር 193ቱን መርተዋል፤ ፊቲፓልዲ 145፣ አንሰር 48። ለቀሩት ተወዳዳሪዎች በሙሉ የተረፈው ሰባት ዙር ብቻ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ቡድኑ ከ16 ውድድሮች 12ቱን አሸንፎ፣ ሦስቱ አሽከርካሪዎቹ በአጠቃላይ ውጤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው ጨርሰዋል።

ስለዚህ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚነገረው አጭር ማብራሪያ አለ። ፔንስኬ ለኢንዲያናፖሊስ ብቻ የተሠራ ልዩ ሞተር ነበረው፣ ደንቡ ተለወጠ፣ ሞተሩ ከጨዋታ ወጣ፣ ቡድኑም ወደቀ የሚል። ማብራሪያው ውሸት የለበትም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። የወሩን ውሎ በቅደም ተከተል ላየው ሰው፣ ቡድኑን የጣለው የሞተሩ ከጨዋታ መውጣት ሳይሆን ሞተሩ በነበረበት ዓመት ሳይማር ያለፈው ትምህርትና፣ ጉድለቱ ከታየ በኋላ የተወሰዱት ውሳኔዎች መሆናቸው ይታያል።

አንድ ወር፣ አራት ኩርባ

ኢንዲያናፖሊስ ሞተር ስፒድዌይ እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተ፣ አንድ ዙሩ 2.5 ማይል ወይም አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውድድር ስፍራ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ቀጥታ መንገዶች እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። አራቱ ኩርባዎች ወደ ውስጥ ያዘነበሉት ዘጠኝ ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚበር መኪና ይህ ለጥ ያለ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። አሽከርካሪው ወደ ኩርባው ሲገባ መኪናው ካልታዘዘው እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። በዚያች ቅጽበት ያጣውን ፍጥነት ቀጥሎ ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር በሙሉ ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ትራክ ላይ ሰዓት የሚገኘውም የሚጠፋውም ኩርባ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የውድድሩ ዝግጅት የግንቦትን ወር ሙሉ ይወስድ ነበር። በ1995 ትራኩ ለልምምድ የተከፈተው ግንቦት 6 ቀን ነው። ማጣሪያው በሁለት ተከታታይ የሳምንት መጨረሻዎች በአራት ቀናት ይካሄድ ነበር። አንድ መኪና ብቻውን ወጥቶ አራት ዙር ይሮጣል፤ የአራቱ ዙር አማካይ ፍጥነት ውጤቱ ይሆናል። ለአንድ መኪና የሚፈቀደው ሦስት ሙከራ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ፈጣኑ ከሁሉም ፊት ይነሳ ነበር። 33ቱ ቦታዎች ሲሞሉ ጨካኙ ክፍል ይጀመር ነበር፤ አዲስ የሚመጣ ፈጣን መኪና ከተሰለፉት መካከል እጅግ ቀርፋፋውን ገፍቶ ያስወጣው ነበር። የመጨረሻው እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ መዝጊያው ተኩስ ሲሰማ ከውስጥ ያለ ውስጥ፣ ከውጭ ያለ ውጭ ሆኖ ይቀር ነበር።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ለፔንስኬ ታሪክ ወሳኝ ናቸው። አንደኛ፣ ሙከራው የሚቆጠረው በመኪናው እንጂ በአሽከርካሪው አልነበረም፤ መኪና የለወጠ ሰው አዲስ ሦስት ዕድል ያገኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ቡድኑ በተያዘው ፍጥነት ካልተደሰተ አራቱ ዙር ሳይጠናቀቅ ሙከራውን ማቋረጥ ይችል ነበር። ይህ ሁለተኛው መብት ለጀግናም ለስስታምም የተሰጠ ነበር።

የ1994 ጉልበት

የፔንስኬ ልዩ ሞተር ታሪክ የሚጀምረው ከደንብ መጽሐፍ ነው። በዓመቱ የሚካሄዱትን ውድድሮች የሚመራው ካርት የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ የኢንዲያናፖሊሱን ብቻ ግን ዩሳክ የተባለ ሌላ አካል በራሱ ደንብ ያስተዳድረው ነበር። የዩሳክ ደንብ ቫልቮቻቸው በፑሽሮድ የሚከፈቱ፣ ማለትም በተራ መኪኖች የሚታየው የቆየ አሠራር ያላቸው ሞተሮች ተወዳዳሪ እንዲሆኑ ድጎማ ያደርግላቸው ነበር። ዘመናዊዎቹ የውድድር ሞተሮች 2.65 ሊትር ይዘትና 45 ኢንች የቱርቦ ግፊት ሲፈቀድላቸው፣ ባለ ፑሽሮዶቹ 3.43 ሊትርና 55 ኢንች ይፈቀድላቸው ነበር። ዓላማው አነስተኛ ቡድኖች ከመኪና ፋብሪካ በሚገኝ ሞተር እንዲወዳደሩ ነበር። በ1991 ግን ሞተሩ ከፋብሪካ መኪና የመጣ መሆን አለበት የሚለው ግዴታ ተነሳ።

ይህችን ክፍተት ማሪዮ ኢሊየንና ፖል ሞርጋን አዩዋት። ሁለቱ መሐንዲሶች በእንግሊዝ ብሪክስዎርዝ የሚገኘውን የኢልሞር ሞተር ፋብሪካ ያቋቋሙ ሲሆን፣ ከአጋሮቻቸው አንዱ የቡድኑ ባለቤት ሮጀር ፔንስኬ ነበሩ። ድጎማውን ለማግኘት ፑሽሮድ ይኑረው እንጂ፣ ከዚያ በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለውድድር ብቻ የተሠራ ሞተር ቢሆን ደንቡ አይከለክልም ነበር። ሥራው በምሥጢር ተጀመረ። ከንድፍ እስከ ተሽከርካሪ ሞተር ለመድረስ የወሰደው ግማሽ ዓመት ገደማ ነው። በክረምቱ አጋማሽ ፔንስኬ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት በፔንስልቬንያው የናዝሬት ትራክ ላይ በረዶ እየተጠረገ ሞተሩ ተሞከረ። በሚያዝያ 1994 ለሕዝብ ሲገለጥ መርሴዲስ ቤንዝ ስሙን ሰጥቶት ነበር። ጉልበቱ ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት ይጠጋል፤ ከተፎካካሪዎቹ በ150 እና ከዚያ በላይ ይበልጥ ነበር።

ሞተሩ በሕግ የሚሠራው በዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ ትራክ ላይ ብቻ ነበር። ለዚያች ቀን ግን ሁሉን አስረከበ። አንሰር ከፊት ተነሳ፣ ፊቲፓልዲ አብዛኛውን ዙር መራ፣ በ185ኛው ዙር የቡድን ጓደኛውን አንድ ዙር ለመቅደም ሲታገል አራተኛው ኩርባ ላይ ከግድግዳ ተላተመ፣ አንሰርም አሸነፈ። ለአሸናፊው የተከፈለው ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አንሰር በማጣሪያው የሮጠው በሰዓት 228.011 ማይል፣ ማለትም 367 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎኑ ሁለተኛ የተነሳው ራውል ቦዜል በተለመደው የፎርድ ሞተር 227.618 ማይል ሮጧል። የመቶ ሃምሳ ፈረስ ትርፍ በመጨረሻው ሒሳብ ግማሽ ማይል እንኳ አላስገኘም። ትርፉ ጉልበት ቀጥታው መንገድ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ኩርባው ላይ ግን ይበላ ነበር ማለት ነው። የመኪናው አካል፣ ማለትም ሻንሲው፣ በዚህ ትራክ ላይ ከሌሎቹ የተሻለ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ባልሆነ።

ምክንያቱ ቀላል የሜካኒክ ሒሳብ ነው። የውድድር መኪና ክንፎቹ ሲቆሙ አየሩ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ ኩርባ ላይ ይይዛል፣ ቀጥታው ላይ ግን አየሩ ይጎትተዋል። የተትረፈረፈ ጉልበት ያለው ቡድን ክንፉን አቁሞ ኩርባውን በሰላም ይወጣል፣ የጠፋውንም ፍጥነት በሞተሩ ያስመልሳል። ያ ጉልበት የሌለው ቡድን ክንፉን ማስተኛት አለበት። ያኔ መኪናውን መሬት ላይ የሚያቆየው የሻንሲው ሚዛን፣ የስፕሪንጉና የጎማው መግባባት ብቻ ይሆናል። በ1994 የፔንስኬ መሐንዲሶች ይህን ጥያቄ በኢንዲያናፖሊስ መመለስ አላስፈለጋቸውም። ተፎካካሪዎቻቸው ግን ያን ወር ሙሉ ያለቀሱበት ጥያቄ እሱ ነበር፤ እያለቀሱም ተምረውበታል።

በሩ ሲዘጋ

ውድድሩ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ዩሳክ እርምጃ ወሰደ። በሰኔ ወር ለእንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚፈቀደውን ግፊት ለቀጣዩ ዓመት ከ55 ወደ 52 ኢንች አወረደው። በነሐሴ ደግሞ ወደ 48 ዝቅ አደረገው። በ48 ኢንች ሞተሩ ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር አልቀረውም። ፔንስኬ ሥራውን አቁመው ለ1995 ዓመቱን ሙሉ ወደሚጠቀሙበት ባለ 2.65 ሊትር የኢልሞር መርሴዲስ ሞተር ተመለሱ።

ከፋብሪካ መኪና በመጡት ሞተሮች ላይ ግን ዩሳክ 55 ኢንቹን አልነካም። ይህ የጠቀመው የንግድ ሰው ጆን ሜናርድን ነው። ቡድናቸው የቢዊክን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ለዓመታት ሲያሻሽል የቆየ ሲሆን፣ በ1995 በስኮት ብሬይተን 231.604 ማይል፣ ማለትም 373 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሮጥ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። ሁለተኛውም የዚሁ ቡድን ሰው አሪ ላይንዳይክ ነበር። ይህን ይዞ ደንቡ በፔንስኬ ላይ ተንኮል ሠርቷል የሚል ክርክር ማንሳት ይቻላል። ክርክሩ ግን የፊተኛውን ረድፍ እንጂ የኋለኛውን አያስረዳም። ፔንስኬ ያጣው የመጀመሪያውን ቦታ አይደለም፤ 33ኛውን ነው። ከ33ቱ መካከል አብዛኞቹ ደግሞ የሜናርድ ዓይነት ድጎማ የሌላቸው ነበሩ።

ወደ ግንቦት የገባው ቡድን የተዳከመ ቡድን አልነበረም። ሦስተኛው አሽከርካሪ ፖል ትሬሲ ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድም፣ በአዲሱ መኪና በፒሲ 24 አንሰር በሚያዝያ መጀመሪያ ሎንግ ቢች ላይ አሸንፏል። ፊቲፓልዲ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ናዝሬት ላይ አሸንፏል። ከኢንዲያናፖሊስ በፊት የነበሩትን ሁለት ተከታታይ ውድድሮች የወሰደው ፔንስኬ ነው። ናይጀል ቤኔት የነደፉት ፒሲ 24 የከተማ መንገድ ላይም፣ አጭር ክብ ትራክ ላይም አሸናፊ መሆኑን አስመስክሯል።

ችግሩ ያልተመሰከረለት አንዱ ስፍራ ኢንዲያናፖሊስ መሆኑ ነበር።

ሁለት ሳምንት

በልምምዱ የመጀመሪያ ቀናት ሁለቱ የፔንስኬ መኪኖች በ220ዎቹ ዝቅተኛ ማይሎች ተወስነው ቀሩ። ላይንዳይክ በዚያው ሳምንት ከ234 ማይል በላይ ሮጧል። ልዩነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አሽከርካሪዎቹ መኪናው ኩርባ ላይ አልታመን ብሏቸው እግራቸውን ያነሳሉ፤ መሐንዲሶቹ ያስተካክላሉ፤ ሰዓቱ አይለወጥም። የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ አልፎ አንዳቸውም በሰልፉ ውስጥ አልገቡም።

በሁለተኛው ሳምንት ፔንስኬ የራሳቸውን መኪና ማስቀመጥ ጀመሩ። ከአንድ አነስተኛ ቡድን ሬይናርድ የተባለ ያለፈው ዓመት መኪና አስመጥተው ሞከሩ። ከዚያም የሌላ ቡድን አሽከርካሪና ባለቤት የሆነው ቦቢ ራሃል ደረሰላቸው። ራሃልና ሸሪኩ ካርል ሆገን በ1994 የሆንዳ ሞተራቸው አልሮጥ ብሏቸው ከውድድሩ ሊወጡ ሲሉ፣ ፔንስኬ ሁለት የዓመት በፊት መኪኖቻቸውን ከነሞተራቸው ሰጥተዋቸው ነበር፤ ራሃል በተበደረው መኪና ሦስተኛ ወጥቷል። አሁን ተራው የራሃል ሆነ፤ የመጠባበቂያ ሎላ መኪኖቹን ለፔንስኬ አቀረበ። ውለታ በውለታ ተመለሰ።

ሎላዎቹ ወዲያው ፈጠኑ። ቅዳሜ ግንቦት 20 ቀን ፊቲፓልዲ ለማጣሪያ ወጣ። ዙሮቹ ቡድኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካየው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ነገር ግን ቡድኑ ከዚህም የበለጠ ይገኛል ብሎ አራቱ ዙር ሳይጠናቀቅ ሙከራውን አቋረጠው። ያ ፍጥነት ተመዝግቦ ቢሆን ፊቲፓልዲን በሰልፉ ውስጥ ለማቆየት ይበቃ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እሁድ ግንቦት 21 ቀን ሙቀቱና ንፋሱ የቅዳሜውን ፍጥነት ከለከሉ። ፊቲፓልዲ በድጋሚ ወጥቶ 224.907 ማይል አስመዘገበና ወደ ሰልፉ ገባ፤ የገባው ግን ከሁሉም ቀርፋፋ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ተገፊ ሆኖ ነው። አንሰር ደጋግሞ ሞከረ፤ የሚያስፈልገው ፍጥነት ላይ አልደረሰም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ስዊድናዊው ስቴፋን ዮሃንሰን ወጣና 225.547 ማይል ሮጠ። ፊቲፓልዲ ወደቀ።

የሁለቱ ልዩነት በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአራቱ ዙር፣ ማለትም በ16 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሲሰላ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም።

የዮሃንሰን ጉዳይ ሌላም ነገር ይናገራል። የሚሮጥለት የቤተንሃውዘን ቡድን በዚያ ዓመት በሌሎቹ ውድድሮች የሚጠቀመው ፔንስኬ በ1994 የነገሠበትን ፒሲ 23 ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ግን ያን መኪና ትቶ በ1994ቱ ሬይናርድ ከፎርድ ሞተር ጋር ነው የገባው። ያለፈው ዓመት ባለድል ሻንሲ ልዩ ሞተሩ ከወጣለት በኋላ በዚህ ትራክ ላይ ባለቤቱን አላስተማመነውም። ፔንስኬን ከሰልፉ የገፋው ሰው የፔንስኬን መኪና ጥሎ የመጣ ደንበኛ መሆኑ፣ ከቡድኑ መሐንዲሶች ሪፖርት ይልቅ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል።

ጥፋቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ሞተሩን እንመርምር። ባለ 2.65 ሊትሩ ኢልሞር መርሴዲስ ለኢንዲያናፖሊስ ደካማ ነበር የሚል ሰው ከራሃል ውጤት ጋር መፋጠጥ አለበት። ራሃል በ1995 የነዳው ሎላ የተገጠመለት ያው የኢልሞር መርሴዲስ ሞተር ነው፤ በውድድሩም ሦስተኛ ወጥቷል። ሞተሩ አንድ፣ ሻንሲው ሌላ፣ ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ።

ጎማውም ተጠያቂ አይሆንም። በ1995 ፋየርስቶን ወደ ውድድሩ ተመልሶ ከጉድይር ጋር ፉክክር ስለገባ፣ አንዳንዱ ቡድን በጎማ ምርጫው ተጎድቷል ማለት ይቻላል። ሆኖም ውድድሩን ያሸነፈው ካናዳዊው ዣክ ቪልነቭ የሮጠው እንደ ፔንስኬ በጉድይር ነው።

አሽከርካሪዎቹስ? ፊቲፓልዲ 48 ዓመቱ ነበር፤ ግን ከወር በፊት ናዝሬት ላይ አሸንፏል። አንሰር ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነበር። ሁለቱም በዚያ ትራክ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ አሸንፈዋል። ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ መንዳት ረሱ ማለት አይቻልም።

የሚቀረው ሻንሲው ነው፤ ከሻንሲው በስተጀርባ ደግሞ የእውቀት ክፍተት አለ። አንድ ቡድን በኢንዲያናፖሊስ የሚይዘው መረጃ ከዓመት ወደ ዓመት ይሸጋገራል። የክንፉ ማዕዘን፣ የስፕሪንጉ ጥንካሬ፣ የመኪናው ከመሬት ከፍታ፣ የሙቀትና የንፋስ መዝገብ ሁሉ ለቀጣዩ ዓመት መነሻ ነው። ፔንስኬ በ1994 የመዘገበው መረጃ በሙሉ የ1,000 ፈረስ መኪና መረጃ ነው። ያ መኪና ሌላ ክብደት፣ ሌላ የክንፍ አቀማመጥ፣ ሌላ ፍጥነት ነበረው። በ1995 ያ መዝገብ ሲከፈት ለጥያቄው መልስ አልነበረውም። ተፎካካሪዎቹ የሁለት ዓመት ልምድ ይዘው ሲመጡ፣ ፔንስኬ ከ1993 ወዲህ በተለመደ ሞተር ኢንዲያናፖሊስን አያውቀውም ነበር። የምሥጢሩ ሞተር ዋጋ ለሠራተኛና ለብረት የወጣው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ዓመት ትምህርትም ነበር።

ይህ ግን የማጣሪያውን ውድቀት አይቀሬ አያደርገውም። መኪናው መጥፎ መሆኑና ቡድኑ መቅረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ውሳኔ አለ። ለዚህ ማስረጃው የቡድኑ የራሱ ታሪክ ነው። በ1987 ፔንስኬ የሠሩት ፒሲ 16 እንዲሁ በኢንዲያናፖሊስ አልሮጥ ብሏቸው ነበር። ያኔ ቡድኑ የራሱን መኪና አስቀምጦ ወደ ማርች መኪኖች ተመለሰ። የቡድኑ አሽከርካሪ ዳኒ ኦንጌይስ በልምምድ ተጋጭቶ ሲጎዳ፣ ወሩን ያለ መኪና የጀመረው አል አንሰር አባትየው ተጠራ። የሚነዳው መኪና በፔንስልቬንያዋ ሬዲንግ ከተማ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለእይታ ቆሞ የነበረ ያለፈው ዓመት ማርች ነበር። ከ20ኛ ቦታ ተነስቶ፣ 48 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አሸነፈ፤ ለእሱ አራተኛው ድሉ ነበር።

በ1987ና በ1995 መካከል ያለው ልዩነት የመኪናው ጥራት አይደለም፤ በሁለቱም ጊዜ የቤቱ መኪና አልሮጠም። በ1995 ግን የራስን መኪና ማስቀመጥ የመጣው አንድ ሙሉ የማጣሪያ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። የተበደሩትን ሎላዎች ለማወቅ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነበር። ሎላው ገና እየተጠና ሳለ ቅዳሜ የተገኘው ፍጥነት ከዚያ በፊት ባልነበረበት ሁኔታ የተገኘ በመሆኑ፣ ቡድኑ የላቀው ገና ይመጣል ብሎ ማሰቡ የሚገባ ነው። ነገር ግን የእሁዱ አየር ምን እንደሚሆን የማያውቅ ቡድን፣ ሁለት አሽከርካሪዎቹም በውጭ የቀሩበት ቡድን፣ አንዱን ማስገባት ሲችል ማቋረጥ አልነበረበትም። የማቋረጥ መብት የተሰጠው አማራጭ ላለው ነው። ፔንስኬ ያን ቀን አማራጭ አልነበረውም፤ የነበረው ልማድ ነው። አሥር ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ልማዱ ከፊት ረድፍ ማሰብ ነው፤ የ33ኛን ቦታ ዋጋ አስልቶ አያውቅም።

የጠፋው ምን ያህል ነው?

ውድድሩ ያለ ፔንስኬም ደምቋል። ቪልነቭ በቅጣት ሁለት ዙር ተቀንሶበት ተመልሶ አሸነፈ። አሽከርካሪው ስኮት ጉድይር ሊጨርስ አሥር ዙር ሲቀረው እየመራ ሳለ ተወዳዳሪዎቹን የሚያስነሳውን ፔስ ካር ቀድሞ በመውጣቱ ተቀጣ። ሁለተኛ የወጣው የፊቲፓልዲ ወንድም ልጅ ክርስቲያን ፊቲፓልዲ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜው የሮጠው ወጣት አጎቱ ባልገባበት ውድድር ለድል ተቃረበ። ከፊት የተነሳው ብሬይተን 17ኛ ሆነ።

ለፔንስኬ ግን ኪሳራው በዓመቱ መጨረሻ በቁጥር ታየ። አንሰር ከግንቦት በኋላ ፖርትላንድ፣ ሚድ ኦሃዮና ቫንኩቨር ላይ አሸንፎ በአጠቃላይ ሁለተኛ ወጣ። ቪልነቭ 172 ነጥብ፣ አንሰር 161። ልዩነቱ 11 ነጥብ ነው። በዚያ ዘመን ነጥብ አሰጣጥ ሦስተኛ የወጣ 14፣ አራተኛ የወጣ 12 ያገኝ ነበር። ራሃል ራሱ ለፔንስኬ በሰጠው ዓይነት ሎላ ሦስተኛ ወጥቷል። ከውድድር በኋላ "ቢሆን ኖሮ" ማለት ቀላል ቢሆንም፣ ፔንስኬ ያን ዓመት ያጣው የኢንዲያናፖሊስን እሁድ ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ ቁጥሮች ይመሰክራሉ፤ የዓመቱን ዋንጫም አንድ ማጣሪያ ሳይወስደው አልቀረም።

ጉዳቱን ያራዘመው ደግሞ ማንም በዚያ እሁድ ያላሰላው ነገር ነው። የትራኩ ኃላፊ ቶኒ ጆርጅ የራሳቸውን ሊግ አቋቋሙ። ለ1996ቱ ውድድር ከ33ቱ ቦታዎች 25ቱ ለዚያ ሊግ ተወዳዳሪዎች ተጠበቁ። የካርት ታላላቅ ቡድኖች በዚያው ቀን ሚቺጋን ላይ የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ። መለያየቱ ለዓመታት ዘለቀ። ፔንስኬ ወደ ኢንዲያናፖሊስ የተመለሱት በ2001 ነው፤ ያኔም ሄሊዮ ካስትሮኔቬስ አንደኛ፣ ዢል ደ ፌራን ሁለተኛ ሆነው ገቡ። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ፔንስኬ ትራኩን ራሱን ገዝተው ተረከቡ። በ2024 የቡድናቸው የኢንዲያናፖሊስ ድል 20 ደርሷል።

ለቡድኑ ስድስት ዓመት ጠፍቶ ተመለሰ። ለፊቲፓልዲ ግን አልተመለሰም። በሐምሌ 1996 ሚቺጋን ላይ ክፉኛ ተጋጭቶ ከካርት ውድድሮች ወጣ፤ ኢንዲያናፖሊስ ላይም ዳግም አልሞከረም። ቅዳሜ ግንቦት 20 ቀን 1995 ሳይጠናቀቅ የተቋረጠው ሩጫ ለመጨረሻው ኢንዲያናፖሊሱ የሚያበቃው ነበር። መኪናው በወቅቱ በቂ ነበር፣ አሽከርካሪውም በቂ ነበር። ያጎደለው የቡድኑ ውሳኔ ነው፤ የዚያ ወር ሒሳብ ሲዘጋ መጻፍ ያለበትም በዩሳክ ስም ሳይሆን በፔንስኬ ስም ነው።